በግራ ጆሮው በኩል

እሑድ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017

ይህን ደብተር ጎረቤታችን እትዬ ባይነሽ ሰጡኝ። የልጅ ልጃቸው ሰባት ገጽ ጽፎበት ትምህርት ቤት ሲቀይር ትቶት ነው። ሰባቱን ገጽ አልቀደድኩም። ስለ ዕፅዋት ሥር ነው የሚያወሩት፤ አነበብኳቸው።

ዛሬ ጸሎት ቤት ወንድም ኢዩኤል ተነሥቶ ተናገረ። ማዳጋስካር በምትባል ደሴት፣ ባሕር ዳር ባለ መንደር፣ የጤና ኬላውን ጣሪያ አውሎ ነፋስ ወስዶታል። የጉድጓዱ ውሃ ጨው ነው፤ የሚጠጡት ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ ነበር። ዝናባቸው ሳይመጣ ጣሪያውንና አሸንዳውን ሊሠሩ ስድስት ሰዎች በነፃ ለማገልገል ፈቅደዋል። “ሰባተኛ ሰው እንፈልጋለን” አለ፤ “ቆርቆሮ የሚያውቅ።”

አባዬ መስኮቱን እያየ ነበር። እንደ ልማዴ ወደ ግራ ጆሮው ጠጋ ብዬ ደገምኩለት። እጁን አወጣ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው።

ባልደግምለት ኖሮ አያውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

ሲነጋ ሐሳቡን ይተወዋል ብዬ ነበር። መቀጥቀጫ ባደረገው የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ላይ ላሜራ እየቀጠቀጠ መዝሙር ያዜማል። ዜማው ከሰው ዜማ ከወጣ ዓመታት ሆኖታል፤ ማን ደፍሮ ይነግረዋል።

ምናለሽ ተራ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ቀጥቅጧል። ግራና ቀኙም ይቀጠቅጣል፤ እዚህ ሰፈር ሰው ሲጣላም ሲዋደድም የሚነጋገረው በጩኸት ነው። ስለዚህ የአባዬ ጆሮ መቼ እንደ ሄደ ጎረቤት አያውቅም። ቀኙ ፈጽሞ የለም። ግራው አፍን አስጠግተው ሲናገሩት ጥቂት ይይዛል። ደንበኛ ሲመጣ ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ። ልኩን እቀበላለሁ፣ በግራ በኩል ሄጄ እደግምለታለሁ፣ መልሱን ይዤ እመለሳለሁ። “ጋሽ ጥጋቡ ዝምተኛ ናቸው፤ ልጃቸው ናት አፋቸው” ይላሉ። አፉ አይደለሁም።

ፊደልም የቆጠርኩት እዚሁ ነው። አባዬ መጀመሪያ ልኩን በጋዜጣ ላይ ቀዶ ነው ላሜራው ላይ የሚያሰምረው። የተረፈውን ቁራጭ እየሰበሰብኩ እትዬ ባይነሽን “ይህቺ ምንድን ናት?” እላቸው ነበር። አሁንም ሳነብ መጨረሻው የተቆረጠ ነገር ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ዛሬ አባዬ የጉዞው ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ መካከል ላይ ኢዩኤል። መሐንዲስ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ትሑት ልጅ።

“ጋሽ ጥጋቡ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?”

ደገምኩለት።

“እንደ ሐዲድ!” አለ። ሳቁ።

“ከፍታ ያዞርዎታል?”

ደገምኩለት።

“እኔን የሚያዞረኝ ሜዳ ነው።”

ወደዱት። እኔ ከጎኑ ሆኜ እንደ ሥነ ሥርዓት የምደግም መሰላቸው። ከዚያ ፎርሙን እንድሞላለት ሰጡኝ፤ መነጽሩን ረስቶ ነበር። ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያ፣ የቅርብ ተጠሪ። ሰባተኛው ተራ ላይ “የማየት ወይም የመስማት ችግር አለብዎት?” ይላል። አባዬ ከንፈሬን እያየ ይጠብቃል።

አላነበብኩለትም። “የለም” ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ያለውን አነበብኩለት።

ቤት ስገባ እጄን ታጠብኩ። ቀለም አልነካኝም ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ክትባት። ፎቶ። ፓስፖርቱ ደርሷል። ውኃ ልክ፣ ሜትር፣ ሁለት መዶሻ፤ ሻንጣው አልዘጋ አለ።

ጎረቤታችን ሙናዊር ምስማር በነፃ ሰጠ። “ጋሼ፣ እዚያ ደሴት ላይ ምስማር የለም ብለው ሰግተው ነው?” አለው።

አባዬ “አሜን” አለ።

ሙናዊር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 22

ሰባቱን መድረክ ላይ አውጥተው እጅ ጭነው ጸለዩላቸው። አባዬ አሜን የሚለው የሰው ከንፈር ሲገጥም እያየ ነው። አንድ ጊዜ ቀድሞ አለ።

ማታ አሮጌውን የላሜራ መቀስ በዘይት ጠርጎ በጨርቅ ጠቀለለ። የሚወስደው አዲሱን ነው፤ አሮጌው እዚህ ይቀራል። “እንዳትነኪው” አለኝ። “መቀስ የሚያውቀው አንድ እጅ ነው። ሌላ እጅ ከገባበት ስለቱ ይከፈታል።” ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲለኝ ነው የኖረው። እኔ ደግሞ ግራኝ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አንዴ ይዤው በጥፊ ብሎኛል፤ በሕይወቱ የመታኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

“እሺ” አልኩት። ከንፈሬን አየ።

ለኢዩኤል ልነግረው ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ነበር። አንዴ ሰው ከበበው። ሁለተኛው ጊዜ ማንም አልነበረም።

ዓርብ፣ ሰኔ 27

አውሮፕላን ማረፊያ። ዝናብ። ተጓዥ ያልሆነ አይገባም አሉን። አባዬ ሻንጣውን እየገፋ ከሌሎቹ ኋላ ሄደ። ከመስተዋቱ በር ሳያልፍ “አባዬ!” ብዬ ጠራሁት። አልዞረም።

ምን ነካኝ። እንዴት ብሎ ይዞራል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ዛሬ ፀሐይ እስክትወጣ ተኛሁ። ድካም ነው።

ሱቁን ከፈትኩ፤ የቀረውን ምድጃና ማንቆርቆሪያ እሸጣለሁ። አዲስ ሥራ አልቀበልም። ሙናዊር “ሻይ ላምጣልሽ?” ሲለኝ “አምጣ” አልኩት። ዞሮ አየኝ። “ፋንታዬ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?” አለ። ምንም አልሆነም። ዓመቱን ሙሉ የሚሻክረኝ ጉሮሮ አራት ቀን ሳልጮኽ ሲቀር ጠርቷል፤ ሌላ ነገር የለውም።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

አብሯቸው የሄደው ኢዩኤል በቴሌግራም ፎቶ ላከ። አባዬ ጣሪያው አግዳሚ ላይ እግሩን አንፈራጥጦ ቆሟል። ገመድ አልታሰረም። በስተኋላው ያለው ልጅ አፉን ከፍቷል፤ የሆነ ነገር እየተናገረ ነው። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶታል።

እትዬ ባይነሽ አይተው “ወጣት መስሏል፤ ሸበቶው የት ገባ?” አሉ።

እኔ የማየው የልጁን አፍ ነው። ምን እያለ ይሆን? “ምስማር ያቀብሉኝ” ሊሆን ይችላል። “ቆይ” ሊሆን ይችላል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ከአማኑኤል ሰፈር አቶ ውቤ የሚባል ሰው መጣ። ጣሪያው የሚያወርደው ውሃ የአሮጊት እናቱን ክፍል ግድግዳ እየናደው ነው።

“ጋሽ ጥጋቡ የሉም?”

“የጌታን ሥራ ሊሠሩ ባሕር ማዶ ሄደዋል።”

“ጌታ ወደ አማኑኤል የሚልከው ሰው የለውም?”

ይቅርታ ጠየቅሁት። ሥራ አንቀበልም አልኩት። ሊሄድ ሲል “አንቺስ? ሃያ ዓመት እዚህ ስትቀመጪ እያየሁሽ ነው” አለኝ። እንደ መሳቅ አለ። እኔም እንደ መሳቅ አልኩ።

የእኛም ጣሪያ ያፈሳል። የአሸንዳ ሠሪ ቤት አሸንዳ የለውም። አልጋዬን ፈቀቅ አድርጌ ሳፋ ደቀንኩበት።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ይህን ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ከመዝሙር በኋላ መጋቢው ኢዩኤል የጻፈውን ምስክርነት አነበቡ። ሐሙስ ዕለት ከላይ አንድ ሙሉ ቆርቆሮ ከገመዱ አመለጠ። በጣሪያው ቁልቁል እየተንሸራተተ በቀጥታ ወደ አባዬ ወረደ። ሁሉም በአማርኛም በአገሬው ቋንቋም ጮኹ። አባዬ ጎንበስ ብሎ ይመታ ነበር፤ ዞር እንኳ አላለም። ቆርቆሮው በአንድ ክንድ ርቀት አልፎት መሬት ወረደ። “ወገኖች” ይላል ጽሑፉ፣ “እኛ ስንንቀጠቀጥ ጋሽ ጥጋቡ መዶሻቸውን ሳያቋርጡ ቀጠሉ። ጌታን መታመን ምን እንደ ሆነ እኔ ያን ቀን አየሁ።”

ሃሌ ሉያ አሉ። ቆመው አጨበጨቡ። ከኋላዬ ያለች እህት ትከሻዬን ይዛ “የማን ልጅ ነሽ!” አለችኝ፤ እያለቀሰች ነበር።

እኔም ቆምኩ። አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ።

አንድ ክንድ። በኛ ሜትር ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

እትዬ ባይነሽ ዜናው ደርሷቸዋል፤ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ግን ደስ ብሏቸዋል። “ቅዱስ ነው የወለደሽ” አሉኝ።

“ቅዱስ አይደለም። አይሰማም” አልኳቸው። አፌ ውስጥ ነው ያልኩት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ብነግራቸው ያወርዱታል። እንደዚያ የተከበረ ሰው ውሸታም ሊባል ነው። ባልነግራቸው ደግሞ አሁንም ጣሪያ ላይ ነው።

ውሸቱ ግን የሱ አይደለም። ሰባተኛውን ተራ አላነበብኩለትም። ቢያነቡለት ምን ይል እንደ ነበር እንኳ አላውቅም።

ለምን ጻፍኩ? ቀልቡ እንዳይሰበር ነው። ሌላ ምን ምክንያት ይኖረኛል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ለማንም ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የላክሁት ይህ ነው፤

“ወንድም ኢዩኤል፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። አባቴ ጆሯቸው አይሰማም። ቀኙ ፈጽሞ፣ ግራው ከሞላ ጎደል። ቆርቆሮው በወረደ ቀን ያልዞሩት ስላልሰሙ ነው። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ጥያቄውን አላነበብኩላቸውም፣ እሳቸው አልዋሹም። ኮሚቴው ፊትም ስደግምላቸው የነበረው ለዚህ ነው። ስትነጋገሩ በግራቸው ቁሙና ፊታችሁን አሳዩአቸው። ጣሪያ ላይ ከኋላቸው አትጥሯቸው። ፋንታዬ ጥጋቡ።”

ልኬ ስልኩን በጆንያ ጠቅልዬ ላሜራው ሥር ከተትኩት። የማይረባ ነገር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አወጣሁት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

“እህት ፋንታዬ፣ መልእክትዎ ደርሶኛል። ዛሬ ከጣሪያ አውርደናቸዋል። እኔም ማየት ነበረብኝ። ግን ለምን አልነገሩንም?”

መልስ አልጻፍኩም። ይደር።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ጸሎት ቤት አልሄድኩም።

ከሰዓት በኋላ አባዬ የድምፅ መልእክት ላከ። ስልክ እንዲህ ሲጠቀም ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ማን እንዳስያዘው አላውቅም። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ይጮኻል፤ ሙናዊር ከሱቁ ወጥቶ አየኝ።

“ፋንታዬ! አባትሽ ነኝ! ከመሰላል አወረዱኝ! ሃምሳ ዓመት ጣሪያ ላይ የኖረን ሰው፣ እንደ ሕፃን እጁን ይዘው! ምን አልሻቸው? አንቺ እንኳ! አንቺ እንኳ…”

አልጨረሰውም። መዝጋቱንም አላወቀበትም። ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ትንፋሹ ብቻ ነው ያለው። ከትንፋሹ ኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ እየመጣ፣ እየፈሰሰ፣ እየተመለሰ። ባሕሩ መሆን አለበት። አጠገቡ ቆሞ አይሰማውም።

አምስት ጊዜ ሰማሁት። የተቆጣኝን ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

የአቶ ውቤ እናት ክፍል ግድግዳ አንድ ጥግ ወርዷል። ጠዋት መጥቶ “ሌላ ሠሪ ታውቂ እንደሆነ ጠቁሚኝ” አለኝ። ፊቱ ላይ ሳቅ የለም።

“ስንት ሜትር ነው?” አልኩት።

“አሥራ አንድ።”

“ለዓርብ ሳምንት ና።”

እሱ ከሄደ በኋላ መቀሱን ከጨርቁ ፈታሁት። መጀመሪያ በቀኜ ሞከርኩ፤ አልሆነም። በግራዬ ያዝኩት፤ እጀታው አውራ ጣቴን በላኝ። ጨርቅ ጠመጠምኩበት። የመጀመሪያው ቁራጭ ተበላሸ፤ ሁለተኛውም። ከዚያ ጋዜጣ ዘርግቼ ቀደድኩና ልኩን ገልብጬ አሰመርኩት። የአባዬ እጥፋት ወደ ቀኝ ነው የሚተኛው። የእኔ ወደ ግራ ተኛ። ቢሆንም ተኛ።

ሙናዊር መጥቶ በር ላይ ቆመ። “ማነው የሚመታው ብዬ እኮ ነው። ጋሼ የተመለሱ መሰለኝ።”

“አልተመለሱም።”

“ምቱ ግን የሳቸው ነው” አለ። ትንሽ ቆይቶ መሰላሉን አበደረኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 2

አሸንዳውን ሰቀልነው። አቶ ውቤ መሰላሉን ያዘ፤ እኔ ወጣሁ። ቀሚሴን በሱሪ ላይ ሸብ አድርጌ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ። አንዲት ሴት “ኧረ እቺ ሴትዮ!” አለች። ዝናቡ እስኪመጣ አልጠበቅንም፤ በባልዲ ውሃ አፈሰስኩበት። አንድ መገጣጠሚያ አንጠበጠበ። አወረድኩት፣ መታሁት፣ መለስኩት። ከዚያ ውሃው ሄዶ በመውረጃው በኩል ብቻ ወጣ።

አሮጊቷ ከመስኮት ሆነው “የማን ልጅ ነሽ?” አሉኝ። ነገርኳቸው። “አባትሽን ማለቴ አይደለም፤ ይህን ሙያ ከየት አመጣሽው ማለቴ ነው” አሉ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ፎቶ። አባዬ መሬት ላይ፣ ከዛፍ ሥር። ዙሪያውን አምስት የአገሬው ሰዎች፤ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ብረት ላይ ላሜራ አስቀምጦ ይመታል፤ አምስቱም መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አድርገዋል። ኢዩኤል ከሥሩ “ቋንቋ አላስፈለጋቸውም፤ በእጃቸው እያዳመጡ ነው የሚማሩት” ብሎ ጽፏል።

ደስ ብሎኛል። እኔ ሳልኖር ተግባብቷል። ደስ ነው የሚለው።

ሴቶቹ ናቸው መቀሱን የያዙት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

ገባ። ጠቁሯል፣ ከስቷል። ሳመኝ። ታክሲ ውስጥ በስተግራው ተቀመጥኩ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እስከ አውቶቡስ ተራ ድረስ አንድ ቃል የለም።

ከሻንጣው አንድ የታጠፈ ላሜራ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። የተማሪ ሥራ ነው፤ እጥፋቱ ይወላገዳል። መቀሱን በጨርቁ መልሼ ያልጠቀለልኩት መስሎኝ ላየው ስሄድ ጠቅልዬው ነበር።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስነሣ አባዬ ደጅ ቆሟል፤ ኮቱን ራሱ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ያያል። ባለፈው ሳምንት ከአቶ ውቤ ሥራ በተረፈው ላሜራ ለቤታችን የሰቀልኩትን አሸንዳ ነው። መሰላል አምጥቶ ወጣ። ጣቱን በእጥፋቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬደ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ተመለሰበት። ወረደ።

“መቀሱን ነክተሻል።”

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩ።

“በግራ።”

አዎ።

ገብቶ ተቀመጠ። ሻዩን ሰጠሁት። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ እንደ ሌላ ሰው ነገር፣ “ያ ወረቀት ላይ ምን ብሎ ነበር የጠየቀው?” አለ። በግራው ጠጋ ብዬ ሰባተኛውን ተራ ቃል በቃል አነበብኩለት፤ በቃሌ ነው የያዝኩት።

“ብታነቢልኝ የለም ነበር የምለው” አለ። “ግን እኔ ነበርኩ የምለው።”

የሻዩን ብርጭቆ ሞላሁለት።

ቆይቶ “ባሕሩ ይጮኻል አሉኝ። እውነት ነው?” አለ።

“ይጮኻል። ስልኩ ላይ ሰምቼዋለሁ።”

“ምን ይመስላል?”

አሰብኩ። “ጎጃም በረንዳ ጤፍ ከጆንያ ሲገለብጡ፣ እንደሱ ነው። ገልብጠው ገልብጠው የማያልቅ።”

ራሱን ነቀነቀ። “በእግሬ ሰምቼዋለሁ” አለ። “ልክ ነሽ።”

እሑድ፣ ነሐሴ 25

ምስክርነት እንዲሰጥ መድረክ አወጡት። ልከተለው ስነሣ በእጁ ተቀመጪ አለኝ።

“ቆርቆሮው በመጣ ቀን ያልሸሸሁት በእምነት ነው ተብሎ ተነቧል” አለ፤ መስኮቶቹ እስኪርገበገቡ ይጮኻል። “እምነት አይደለም። ደንቁሬ ነው። ብሰማ ኖሮ ከሁሉም ቀድሜ የምዘለው እኔ ነበርኩ!”

ኢዩኤል ነው ቀድሞ የሳቀው፤ ከዚያ ጸሎት ቤቱ በሙሉ። አባዬ የሰውን ጥርስ እያየ እሱም ሳቀ። “ጠባቂዬ ግን ይሰማል” አለና ወረደ። ያኔ ያሉትን ሃሌ ሉያ እኔም ከልቤ አልኩት።

ከፕሮግራም በኋላ ኢዩኤልን ይቅርታ ጠየቅሁት። በሰው ፊት ነው፤ ሁሉም እያየ ነበር። “ሰባተኛውን ተራ ከእንግዲህ እኔ ራሴ ነኝ የማነበው” አለኝ። ለዋዛ አላለውም። ተገቢ ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

ዛሬ አባዬ ሐዲዱ ላይ፣ እኔ ከፊት። አንድ ወጣት መጣ፤ የስምንት ሜትር አሸንዳ ፈልጎ። “ለዘመን መለወጫ ይደርሳል?” አለ።

ተነሣሁ፤ በግራ በኩል ሄጄ ጎንበስ አልኩ። አፌን ሳልከፍት አባዬ ቀና ብሎ የልጁን ፊት አየ፤ ከዚያ የእኔን።

“አንቺን እኮ ነው የጠየቀሽ” አለና መዶሻውን ቀጠለ።

ዞርኩ። ልጁ ይጠብቃል።

“ለዋዜማው ይደርሳል!” አልኩት።

ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። “እትዬ፣ እሰማለሁ እኮ” አለኝ።